ቢጫዋ ጾመኛ

የወንድሜ የእንየው አርባ ባለፈ ማግስት እናቴ ነጭ ሽንኩርት እንዳመጣላት ወደ ጓዳ ላከችኝ። ነጭ ሽንኩርቱን የምታስቀምጠው እሱ ድሮ ዓሣ ያረባበት በነበረው የመስታወት ሳጥን ውስጥ ነው። ከላይ የሸፈነችበትን ማዳበሪያ ገለጥ አድርጌ እጄን ስሰድ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ሥር ሌላ ሽታ መጣብኝ። የእርጥብ ድንጋይ፣ ውኃ ላይ የሚበቅል አረንጓዴ፣ የደረቀ የዓሣ መኖ። ይህን ያህል ዓመት ቆይቶ ይሸታል ብዬ አላሰብሁም። ምናልባት መስታወቱን ያጣበቀበት ሲልከን ሽታ ይይዝ ይሆናል። አላውቅም። እናቴ «ምን ሆነህ ነው?» ብላ እስክትጣራ ድረስ ጓዳው ውስጥ ቆሜ ቀረሁ።

እንየው ለምን እንደ ሞተ እዚህ አልጽፍም። ለቅሶው ላይ የተነገረው ይበቃል። በድንኳኑ ውስጥ ግን አንድ ነገር ከንክኖኛል። ሰው ሁሉ ስለ እሱ የሚያወራው ነበረው። ከጅጋ የመጣ ጓደኛው አንድ ነገር ያወራል፤ አብሮት ይሠራ የነበረው ልጅ ሌላ ያወራል። እኔ ያልሰማሁትን ቀልዱን፣ እኔ ያላየሁትን ደግነቱን። ሰው በእንባው መካከል ይስቃል። ወንድሙ እኔ ነኝ። ጥግ ይዤ ተቀምጬ ቀናሁ። በለቅሶ ቤት መቅናት ምን እንደሚባል አላውቅም፤ ለእኔ ግን አዲስ ነገር አልነበረም። በእሱ የተነሣ መቅናት የጀመርሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ያኔ የቀናሁት በሰው አይደለም። በዓሣ ነው።

እንየው በብዙ ይበልጠኛል። አባታችን እኔ መልኩን ሳልለየው ስለ ሞተ «አያ» እያልሁ የምጠራው እሱን ነበር። አዲስ አበባ አንድ መስታወት ቤት ተቀጥሮ መስታወት ሲቆርጥና ሲያጣብቅ ቆይቶ፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለሰ። እኔና እናቴ መናኸሪያ ሄደን ጠበቅነው። ከአውቶቡሱ ሲወርድ ጋቢውን ሆዱ ላይ ጠምጥሞ፣ ጎበጥ ብሎ ነበር። እናቴ ደነገጠች።

«ሆድህን ምን ሆነህ ነው ልጄ?»

«ደኅና ነኝ እማ።»

«ታዲያ ምነው ጎበጥህ?»

«ቆይ፣ አትንኩኝ፤ እንዳይፈስ።»

እንዳይፈስ ሲል ምን እንዳሰበች እንጃ፣ እናቴ በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ያዘች። እሱ ጋቢውን ፈታ። በአየር የተነፋ ትልቅ ላስቲክ፣ በላስቲኩ ውስጥ ውኃ፣ በውኃው ውስጥ ቢጫ ቢጫ ነገር ይላወሳል። ከደምበጫ ጀምሮ አጠገቡ ተቀምጠው የመጡ አንድ ሽማግሌ ከኋላው እየወረዱ፣ «እታለም፣ ልጅሽ መንገዱን ሁሉ ውኃ ታቅፎ ነው የመጣ። ፍኖተ ሰላም ውኃ ጠፍቶ ነው ወይ ብለው ዝም አለኝ» አሏት።

እኔ ጫማ ያመጣልኛል ብዬ ነበር። ግን ጫማው አይደለም የቆጨኝ። ትንሽ ሆኜ ብርድ ሲሆን በዚያ ጋቢ ውስጥ የምገባው እኔ ነበርሁ።

ሳጥኑን በራሱ እጅ ሠራው፤ አንድ ትልቅ፣ አንድ ትንሽ። ከላህ ወንዝ ድንጋይ አምጥቶ፣ ቀቅሎ፣ እንደ ዋሻ አድርጎ ደረደረው። የቧንቧ ውኃ መድኃኒቱ እስኪለቀው ድረስ በጀሪካን አፉን ከፍቶ ያሳድረዋል፤ ያንን ጀሪካን የምሸከመው እኔ ነኝ። ቤታችን ከጓዳዋ ሌላ አንዲት ክፍል ናት፤ ሳጥኑ የገባው አልጋውና መደቡ መካከል፣ እኔ የቤት ሥራዬን እሠራበት የነበረው ቦታ ላይ ነው።

«ከየት አገር ናቸው አያ?» አልሁት።

«ከማላዊ።»

መራዊ ያለኝ መስሎኝ ነበር። መራዊ የእናቴ አክስት አሉ፤ በቆሎ ያመጡልን ነበር። እሳቸውም ይህን ዓሣ አይተውት ያውቁ ይሆን እያልሁ ብዙ ቀን አሰብሁ። በኋላ ስጠይቀው ከት ብሎ ስቆ፣ ማላዊ አፍሪካ ውስጥ ያለ ሌላ አገር መሆኑን፣ እዚያ ባሕር የሚያህል ሐይቅ እንዳለ፣ ዓሦቹ የዚያ ሐይቅ ዘር መሆናቸውን ነገረኝ። ስቆ ሲያበቃ ፊቱን መልሶ ወደ መስታወቱ አዞረ።

ቆንጆዎች ነበሩ፤ ይህን መካድ አልችልም። እንደ አደይ ቢጫ ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ ያለው ክንፍ ጫፉ በቀለም የተሰመረ ይመስል ጥቁር ነው። ሲያዩ ዓይናቸውን ያዞራሉ። እንየው ወደ ሳጥኑ ሲቀርብ ሁሉም ተሰብስበው ይመጣሉ፤ እኔ ስቀርብ ድንጋዩ ሥር ይገባሉ። ከመጡ በሦስተኛው ቀን ይሁን በአራተኛው፣ ይወዱኛል ብዬ አንድ እፍኝ ዳቦ ፈርፍሬ ጨመርሁላቸው። ውኃው ደፈረሰ። እንየው አልተቆጣኝም፤ ዝም ብሎ ውኃውን በጎማ እየሳበ ቀየረ። ሲጨርስ «ስማ በልስቲ፣ የእነዚህ ሆድ ዓይናቸውን አያክልም። አንተ እጅህ ይሰፋል» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ማብላቱ የእሱ ሆነ። የእኔ ጀሪካኑ ነው። መብራት ሲሄድ ደግሞ ጆጉ። መብራት ሲሄድ አየር የምትነፋው ማሽን ስለምትቆም፣ ውኃውን በጆግ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማንቆርቆር ነው። አረፋው አየር ይዞ ይወርዳል። ፍኖተ ሰላም በክረምት መብራት ምን ያህል እንደሚቆይ የሚያውቅ ያውቀዋል። ክንዴ እስኪዝል አንቆረቁራለሁ፤ እሱ ግን የሚያየው ጆጉን አይደለም፣ አረፋው ሥር ያሉትን ነው።

ማታ ማታ ከትምህርት ቤት ምን እንደተማርሁ ይጠይቀኝ ነበር፤ ቀረ። በርጩማውን ሳጥኑ ፊት ያደርጋል፤ ይቀመጣል። አንድ ቀን ዞሬ ከሳጥኑ ማዶ ሄድሁና ፊቴን መስታወቱ ላይ ለጠፍሁ። በውኃው ውስጥ አልፎ ያየኛል ብዬ ነው።

«ዞር በል፤ ይደነግጣሉ» አለኝ።

ሥጋ አይሰጣቸውም። ሥጋ ከበሉ ሆዳቸው ተነፍቶ ይሞታሉ ይላል። ከአዲስ አበባ ካመጣው መኖ በቁንጥጫ፣ ከዚያ የተቀቀለ አተር ልጦ፣ ጎመን እንደ ጸጉር አድቅቆ። እናቴ ገበያ ሽንኩርት ስትሸጥ ውላ መጥታ ጎመኑን ስታይ «እንደ ባሕታዊ ናቸው እኮ» ትል ነበር። አንዳንዴ ግን የእንቁላል አስኳል ይሰጣቸዋል። ነገር የመጣውም በእንቁላሉ ነው።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል እናቴ እንደ ልማዷ የቤቱን ዕቃ ሁሉ አውጥታ በአመድ አጠበች። ፍልሰታ ሊገባ ነው። በማግስቱ የጾሙን ትንሽ ድስት ስትከፍት አስኳል ተጣብቆበት አገኘች።

«እንየው፣ ና እስኪ ወዲህ። ይህ ምንድን ነው?»

«ትንሽ እንቁላል ነው እማ። አጥበዋለሁ።»

«በጾም ድስቴ?»

«ገና አልገባም እኮ።»

«አልገባም? ካጠብሁት በኋላ ነው የቀቀልህበት። ስማኝ፣ ለቡሬው ባለሆቴል ስጣቸው። ለእንግዳ ማሳያ ይሁኑልኝ ብሎህ የለ? ቤቴ ውስጥ በፍልሰታ እንቁላል አይሸትም።»

«ጎመን ብቻ እሰጣቸዋለሁ።»

«ጎመን ስትል ነው ድስቴ እንቁላል የሆነው።»

እኔ መደቡ ላይ ተቀምጬ ደስ አለኝ። ቡሬ ሩቅ አይደለም፤ ግን ይበቃል።

ደስ ያለኝ በሌላም ነው። በዚያ ዓመት ፍልሰታን ሙሉውን እጾማለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ በፊት ግማሹን ነበር የጾምሁት፤ የሰፈራችን ልጆች ግን ሁሉ ጨርሰው ይቆርባሉ። ለእንየው ስነግረው ትከሻዬን ይዞ «ከጨረስህ ይዤህ የምሄደው እኔ ነኝ። ነጠላህን የማለብስህም እኔ፣ አጠገብህ የምቆመውም እኔ» አለኝ። እናቴም ሰምታለች። ዓሦቹ ቡሬ ይሄዳሉ፤ እኔ እጾማለሁ፤ እሱ እኔን ያየኛል። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ጾሙ ሊገባ ሲል ከዓሦቹ አንዷ መብላት ተወች።

መጀመሪያ ያየችው እናቴ ናት። እንየው ጎመኑን ሲበትን ሌሎቹ ሲሻሙ አንዷ ጥግ ይዛ ቆመች። ጎመኑ አፏ ላይ ሲያርፍ ወደ ኋላ ትላለች።

«ይቺ ምን ሆና ነው?» አለች እናቴ።

«አትበላም።»

«አሟት ነው?»

«አላመማትም» አለ እንየው። ሌላ ሊል ጀምሮ ተወው። ፈገግ አለ።

በማግስቱም አልበላችም። በሦስተኛው ቀን ፍልሰታ ገባ፤ ያን ቀንም አልበላችም። እናቴ ሳጥኑ ፊት ቆማ ብዙ አየቻት። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «እኔን። ጾማ ነዋ» አለች።

እንየው መልስ አልሰጠም። ለምን እንዳልሰጠ ያኔ አልገባኝም። ስለ ቡሬ ግን ከዚያ ቀን በኋላ የተነሣ ነገር የለም።

ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ ሰሙ። እሳቸው ከሰሙ ማርያም የሚሳለም ሁሉ ሰማ ማለት ነው። ከቅዳሴ መልስ ሴቶች ጫማቸውን በራፍ ላይ እያወለቁ ይገባሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ይመስል። እንየው ዓሣዋን ለብቻዋ ወደ ትንሹ ሳጥን ወስዷት ነበር፤ ሌሎቹ እንዳይረብሿት ብሎ።

«ለብቻዋ ሱባዔ ገባች?» ይላሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

«ልብሷንስ አያችሁት? ቢጫ። እንደ መነኩሲት» ትላለች አንዷ።

«እማሆይ በሏት።»

«ቅበላ እንኳ አልጠበቀችም አሉ። ቀድማ ነው የገባች።»

«እኛ ሰዎቹ ዘጠኝ ሰዓትን መጠበቅ አቅቶናል።»

እኔ እዚያው ነኝ። ከጧት ጀምሮ ውኃ አልቀመስሁም። የየቤቱ የሱፍ ሽታ፣ የሚቆላው ሽንብራ፣ ሁሉም በአፍንጫዬ ይገባል። ከንፈሬ ተሰንጥቋል። ማንም «ጾመሃል ወይ» አላለኝም። እትዬ ጥሩወርቅ ሲወጡ ራሴን ዳሰስ አድርገው፣ «አንተም እንደሷ በርታ እሽ? ከእሷ ተማር» አሉኝ።

ከዓሣ ተማር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠላኋት። ሌሎቹን አልጠላኋቸውም፤ ይበላሉ፣ ይጣላሉ፣ እንደ እኛ ናቸው። እሷ ግን ጥግ ይዛ ዝም ትላለች፤ ዝምታዋ ይነገርላታል። የእኔ ዝምታ ኩርፊያ ይባላል። እንየው ጧት ሲነሣ መጀመሪያ የሚያያት እሷን ነው። «እንዴት አደርሽ» ይላታል፣ እኔ ሰምቼዋለሁ። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሣታል። ቅዳሴ ሄጄ ስመለስ «በላህ?» እንኳ አይለኝም፤ «ቀስ በል፣ በሩን አታስጩኸው» ነው የሚለኝ።

ስለዚህ ልይዛት ወሰንሁ። ተደብቃ ትበላለች ብዬ ነው። ከትምህርት ቤት ዕረፍት ነበርሁ፤ ሥራ የለኝም። መደቡ ላይ በሆዴ ተኝቼ እጠብቃታለሁ። ሁለት ቀን ምንም አላየሁም። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ሳጥኑን ስታበራው አየሁ። አገጯ ይንቀሳቀሳል። ከአገጯ ሥር አብጧል፤ ጉንጯ እንደ ሞላ ነው። ዝም ብላ ቆማ፣ ማንም አያየኝም ብላ፣ አፏን ሳትከፍት ታላምጣለች።

ቀድማ ጎርሳ ነው የገባችው። በጉንጯ ደብቃ በትንሽ በትንሹ ትበላለች። እንዲህ ያለ ተንኮል እኔም አስቤ አላውቅም።

ለእንየው አልነገርሁትም፤ ለእሷ ያደላል። ለእናቴም አልነገርሁም። የንስሐ አባታችን በዚያ ሳምንት ቤት ሊባርኩ እንደሚመጡ አውቅ ነበር። እሳቸው ፊት ነው የምናገረው።

አባ መጡ። ሸምግለው ነበር፤ መስቀላቸውን ካሳለሙን በኋላ በርጩማ ተሰጥቷቸው አረፍ አሉ። እናቴ ብዙ አልቆየችም።

«አባ፣ ነገሩን ሰምተው ይሆናል።»

«ሰምቻለሁ። በመንገድም ሁለት ሰው ነግሮኛል። እስቲ አሳዩኝ።»

ተነሥተው ወደ ትንሹ ሳጥን ተጠጉ። እንየው ከጎናቸው ቆመ፤ አንገቱን ደፍቷል። እኔ በመካከላቸው ገባሁ።

«አባ፣ አልጾመችም። ታላምጣለች።»

«አንተ» አለች እናቴ።

«እውነቴን ነው። ጉንጯን ይዩት። ደብቃ ነው።»

አባ ጎንበስ ብለው አዩ። ብዙ አዩ። ትንፋሻቸው መስታወቱን አዳመነው፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። አሁንም አገጯ ተንቀሳቀሰ።

«እውነት ነው፤ ልጁ ዓይን አለው» አሉ። «እኔም ብዙ ጾመኛ አውቃለሁ፣ እንዲህ ጉንጩ የሞላ ግን አላየሁም። እንየው፣ ምን ይዛ ነው?»

እንየው እናቴን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ከዚያ ለአባ መለሰ።

«ልጆቿን ነው አባ።»

አባ ከመስታወቱ ቀና ብለው ወደ እሱ ዞሩ፤ እሱም ቀጠለ።

«እንቁላሏን ጥላ በአፏ ነው የምታነሣው። እዚያው ይፈለፈላሉ። እስኪጠኑ ድረስ አትለቃቸውም። ምግብ ከጎረሰች ትውጣቸዋለች፤ ስለዚህ አትጎርስም። አገጯን የምታንቀሳቅሰው እነሱን ስታገላብጥ ነው፤ አየር እንዲያገኙ።»

«እና እስካሁን ዝም ያልኸኝ?» አለች እናቴ።

«ቡሬ እንዳትልኪያቸው ነው።»

እናቴ ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። በእርግጥ አፏን ከፍታ ነበር። መልሳ ዘጋችው። ወደ ሳጥኑ ቀረበች፤ እጇን መስታወቱ ላይ አደረገች።

«ይህን ሁሉ ቀን?»

«ገና ይቀራታል።»

«ምንም ሳትቀምስ?»

«ምንም።»

አባ ሳቁ። «ይቺስ ከሥርዓቱ ውጪ ናት» አሉ። «እናት ናትና እሷን አንጠይቃትም። እማሆይ ማለቱን ግን ተዉት፤ ባል ያላት መነኩሲት አታምጡብኝ።»

እናቴም ሳቀች። «እኔም ሁለቱን በአፌ ብይዛቸው ኖሮ ቢያንስ ጸጥታ አገኝ ነበር» አለች።

ሁሉም ሳቁ፣ እንየውም ሳቀ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም። እኔ ላዋርዳት ነበር የመጣሁት፤ እሷ ከጾመኝነት ወደ እናትነት ተሻገረች። ከዚያ በኋላ እናቴ ገበያ ውላ ስትመለስ ሽንኩርቷን ሳታወርድ «እንዴት ዋለች?» ትላለች። አንድም ቀን «እንዴት ዋለ» አላለችም። እንየው ደግሞ ባሰበት። የምትለቅበት ቀን ደርሷል ብሎ ከሳጥኑ ፊት አይነቃነቅም። በስልኩ ቪዲዮ አይቷል፤ በዓይኑ ግን አይቶ አያውቅም። አዲስ አበባ እያለ፣ ሳጥን የሚሠራለት ዓሣ ሻጭ ሱቁን ዘግቶ ሲሄድ፣ ዓሦቹ ሌሊት ወልደው ያድሩ ነበር። «አፏን ስትከፍት ማየት ነው የምፈልገው» ይለኝ ነበር። «አንድ ጊዜ፣ የመጀመሪያውን ጊዜ።» ሲለኝ ዓይኑ ያበራል። እኔ ጀሪካኔን ይዤ ቆሜ እሰማለሁ።

ጾሙን ጨረስሁ። አልገደፍሁም። ይህን አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል።

ጾሙ በሚፈታበት ዋዜማ ማታ ከባድ ዝናብ ጣለ፤ መብራት ሄደ። ሳይነጋ እናቴ ስትቀሰቅሰኝ መብራቱ አልመጣም ነበር። ኩራዝ በርቷል። እንየው ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ጆጉን ይዞ ትንሹ ሳጥን ፊት ቆሟል። ውኃው ላይ የሞቀ ውኃ የተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ይንሳፈፋሉ፤ ብርዱ እንዳይጎዳት ብሎ ነው። እናቴ አጥባ ያስቀመጠችልኝን ልብስ ለበስሁ። ነጠላዬን ይዤ አጠገቡ ሄጄ ቆምሁ። እንዲያለብሰኝ ነው።

«እማ» አለ ፊቱን ሳያዞር፣ «አንቺ ውሰጂው።»

«ቃል ገብተህለት?»

«ላይ ላይ መጥታ አየር እየፈለገች ነው። ከተውኋት ትታፈናለች። ልጆቹን ትተፋና ሁሉም ያልቃሉ።»

«ጎረቤት እንጠይቅ።»

«ማን አለ? ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ነው።»

እናቴ ነጠላዬን ከእጄ ወስዳ አለበሰችኝ። ሳይቆርቡ ማልቀስ ይፈቀድ አይፈቀድ አላውቅም ነበር፤ ስለዚህ አላለቀስሁም። በራፉ ላይ ስደርስ እንየው «በልስቲ» አለኝ። ዞርሁ። «በርታ» ብሎ አንቆረቆረ።

ቆረብሁ። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም። ከእናቶቻቸው ሌላ ወንድሞቻቸው አጠገባቸው የቆሙላቸው ልጆች ነበሩ፤ እነሱን አይቻለሁ። ስንጨርስ እናቴ ከሴቶቹ ጋር የሚሠራ ነገር ነበራትና፣ «አንተ ሂድ። አፍህን ሸፍን። አትትፋ፣ አትሩጥ፣ እንዳትደናቀፍ» አለችኝ። ጠበል ጠጥቼ ነበር፤ ማውራት እችል ነበር። ይህን ግን ያኔ አላውቅም። እህል እስክቀምስ አፌን ከከፈትሁ የተቀበልሁት የሚወጣ መስሎኝ ነበር። ነጠላዬን በአፌ ላይ በሁለት እጄ ይዤ፣ የጭቃውን መንገድ ድንጋይ ድንጋዩን እየመረጥሁ፣ በአፍንጫዬ እየተነፈስሁ ቤት ደረስሁ።

እንየው ፊቱ ጠውልጎ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል።

«ቆረብህ?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ጎበዝ። ና፣ ትንሽ ተቀበለኝ፤ ክንዴ ሞቷል። ዓይንህን እንዳትነቅል፣ የሆነ ነገር ካየህ ንገረኝ።»

ጆጉን ሰጠኝ። መደቡ ላይ ጋደም አለ። ጋቢው ከትከሻው ሳይወርድ እንቅልፍ ወሰደው።

በአንድ እጄ አፌን ይዤ በአንድ እጄ ማንቆርቆር ጀመርሁ። ሳይጠይቀኝ ተኛ ብዬ ተናድጃለሁ። ማን ማን እንደቆረበ፣ ስንት ሆነን እንደ ቆምን፣ ፈርቼ እንደሆነ፣ ምንም። ጆጉን አስቀምጬ ክንዴን ሳሳርፍ ውኃው ጸጥ አለ። ቀና አልሁ።

እሷ ከጥግዋ ወጥታለች። ወደ እኔ መጣች፤ መስታወቱ ጋ ደርሳ ቆመች። ከዚያ በፊት ለእኔ መጥታ አታውቅም። ከስታለች፤ ራሷ ከሰውነቷ በልጦ ይታያል። እንደሚያዛጋ ሰው አፏን ከፈተች። አንድ ነገር ወጣ። የአጃ ፍሬ የሚያህል ነው፤ ዓይን አለው፣ ጭራ አለው። ቆመና ዞር ብሎ አያት። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ብዙዎቹ፤ አንዱ በጭራው ወጣ። አፏ ዙሪያ እንደ ትንኝ ሰፈሩ። አገጯ ባዶ ሆኖ ተንጠለጠለ። እሷ አልተነቃነቀችም። እያንዳንዱን ታየዋለች፤ ዓይኗ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል።

እንየው ክንዴን ብዘረጋ የምነካው ቦታ ላይ ተኝቷል። መናገር አልችልም፤ ቆርቤያለሁ። እጅ ግን ነበረኝ። ጆጉን ያስቀመጥሁበት እጅ ባዶ ነበር። አላነሣሁትም። ብቻዬን አየሁ።

ከመንገድ የባጃጅ ጥሩንባ ጮኸ። እንየው ባንኖ ቀና አለ፤ ከመደቡ ሲወርድ እሷ አፏን ከፈተች፣ ልጆቹ እየተጋፉ ተመልሰው ገቡ። እንየው ሲጠጋ ያየው ጥግ የያዘች፣ ጉንጯ የሞላ ዓሣ ነው።

«ምንም የለም?» አለኝ።

ነጠላዬን አፌ ላይ አጥብቄ ያዝሁ።

እናቴ መጣች። ምሳ ቀረበ፤ ዶሮ ነበር። የመጀመሪያውን ጉርሻ ከዋጥሁ በኋላ ነጠላዬን ከአፌ አወረድሁ።

«ለቀቀቻቸው» አልሁ።

«ማን?» አለ እንየው።

«እሷ። አንተ ተኝተህ። ወጡ። አንተ ስትነሣ መልሳ አስገባቻቸው።»

የያዘውን እንጀራ አስቀመጠ። «ምነው ሳትቀሰቅሰኝ?»

«ቆርቤ ነው። አፌን መክፈት አልችልም።»

«እጅ የለህም?»

«ቆራቢ ልጅ አትጨቅጭቅ፤ አንተ ራስህ ነህ የተኛኸው» አለችው እናቴ።

አልበላም። ተነሥቶ ሳጥኑ ፊት ተቀመጠ። መብራቱ መጣ፤ ማሽኗ መንፋት ጀመረች፤ እሱ እንደ ተቀመጠ ነው። ቀኑን ሙሉ ጠበቃት። እሷ ፊቷን ወደ ድንጋዩ አዙራ ቆመች። ሊመሽ ሲል ዞር ብሎ አየኝ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ ፍልሰታን በሙሉ እኔ የለበስሁት ፊት ነው።

«ለአንተ ብቻ ከፈተችልህ?» አለኝ።

«ለእኔ ብቻ።»

«ፊት ለፊትህ መጥታ?»

«መስታወቱ ጋ መጥታ።»

ከንፈሩን ነከሰ። በርጩማውን አነሣና ወደ እኔ አዞረው፤ ጉልበቱ ጉልበቴን ነካ፣ ጀርባው ወደ ሳጥኑ ሆነ።

«እስኪ ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለ። «ምንም ሳታስቀር። መጀመሪያ የወጣው በጭንቅላቱ ነው ወይስ በጭራው?»

እራቴን እየበላሁ ነበር። የጎረስሁትን ቀስ ብዬ ዋጥሁ። ውኃ ጠጣሁ። ዓይን ዓይኔን እያየ ጠበቀኝ። ከትከሻው ኋላ፣ በሳጥኑ ውስጥ፣ ትንንሾቹ አንድ በአንድ እንደገና ሲወጡ ይታዩኛል።

ዓይኔን ከእሱ ሳላነሣ፣ ከመጀመሪያው ጀመርሁለት።